አርማወር ሐንሰን፦ የሥጋ ደዌን መንስኤ ያገኘ ሐኪም

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ነው። በምታነቡበት ጊዜ ሐኪሙ የሠራውን መልካም ሥራና የፈጸመውን በደል ለይታችሁ አስተውሉ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ተማሪዎች፣ ከሰው ልጅ የአካል ክፍሎች ሁሉ በስፋቱ የሚበልጠው የትኛው ነው ተብላችሁ ብትጠየቁ ምን ትመልሱ ነበር? አንዳንዶቻችሁ ጉበትን፣ ሌሎቻችሁም ሳንባን ትጠቅሱ ይሆናል። ከውጭ የሚታየውን ሁሉ የሚሸፍነው ግን ቆዳ ነው። የአንድ ጎልማሳ ቆዳ ቢዘረጋ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ካሬ ሜትር የሚደርስ ስፋት ይኖረዋል። ይህ ሰፊ መሸፈኛ ሰውነትን ከውጭ ጉዳት ይከላከላል፤ የሰውነትን ሙቀት ይቆጣጠራል፤ የውጩን ዓለም ሁኔታ ለአእምሮ ያስታውቃል። ከዚህም ሌላ ሰው ሰውን ሲያይ አስቀድሞ የሚያየው ቆዳውን ነውና፣ በቆዳ ላይ የሚታይ ደዌ ተሰውሮ ከሚኖር ደዌ ይልቅ ባለቤቱን ለነቀፋና ለመገለል ይዳርገዋል። ታሪኩን የምታነቡለት ሐኪም ዕድሜውን ያሳለፈው እንዲህ ያለውን አንድ ደዌ በመመርመር ነው። የሥራውን ክብደት ለመረዳት ግን አስቀድሞ ስለ ቆዳ አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ቆዳ ሁለት ዋና ዋና ንብርብሮች አሉት። ላይኛው ንብርብር ስስ ሲሆን የደም ሥር የለውም። ከግርጌው ዘወትር አዳዲስ ሕዋሳት ይወለዳሉ፤ እነዚህም ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየተገፉ ይደርቁና በመጨረሻ ረግፈው ይወድቃሉ። ስለዚህ ዛሬ የምታዩት የቆዳችሁ ገጽ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ በሌላ ተተክቶ ይገኛል። ለቆዳ ጥቁረት ወይም ቅላት ምክንያት የሆነው ሜላኒን የተባለው ቀለም የሚመረተውም በዚሁ ንብርብር ውስጥ ነው። ከሥሩ ያለው ውስጠኛ ቆዳ ወፍራምና ጠንካራ ነው። የደም ሥሮች፣ የነርቭ ጫፎች፣ የላብ ዕጢዎች፣ የወዝ ዕጢዎችና የጠጉር ሥሮች የሚገኙት በዚህ ክፍል ነው። የላብ ዕጢዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ የሚያወጡት ላብ በሚተንበት ጊዜ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። የወዝ ዕጢዎች ደግሞ በጠጉር ሥር አጠገብ ሆነው ቆዳና ጠጉር እንዳይደርቁ ያለሰልሳሉ። ጠጉርና ጥፍር የተሠሩት ኬራቲን ከሚባል ጠንካራ ንጥረ ነገር ነው። በፈረሶቹ በታወቀው በአዊ ምድር የምትኖሩ ተማሪዎች የፈረስን ኮቴ በሚገባ ታውቁታላችሁ፤ ያ ድንጋይ የሚረግጥ ኮቴና የእናንተ ጥፍር የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። ጥፍር ስትቆርጡ ወይም ጠጉር ስትላጩ የማያማችሁም በውስጣቸው ነርቭ ስለሌለ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ። አንደኛ፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ጠጉርም ሆነ የወዝ ዕጢ የለም። በእነዚህ ቦታዎች ያለው ቆዳ ከሌላው ይልቅ ወፍራም ቢሆንም፣ እርጥበቱን ጠብቆ ሳይሰነጠቅ የሚኖረው በአብዛኛው በላብ ዕጢዎቹ አማካይነት ነው። ሁለተኛ፣ በቆዳ ውስጥ የተሠራጩት የነርቭ ጫፎች ሌትና ቀን የማያንቀላፉ ዘበኞች ናቸው። አንዲት ሴት እንጀራ ስትጋግር እጅዋ የጋለ ምጣድ ቢነካት ከማሰብዋ በፊት እጅዋን ትሰበስባለች። አንድ ገበሬ እሾህ ቢረግጥ ወዲያው ቆሞ ይነቅላል። ሕመም የሚጠላ ነገር ቢሆንም፣ አካልን ከጥፋት የሚያድነው ግን እርሱ ነው።

ሥጋ ደዌ የሚባለው በሽታ የሚያጠቃው እነዚህን ዘበኞች ነው። የበሽታው ምክንያት የሆነው ባክቴሪያ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይስማማዋል። በመሆኑም በጥልቅ በተቀመጡት የሰውነት ክፍሎች ፈንታ ቆዳን፣ አፍንጫን፣ የጆሮን ጫፍ፣ እንዲሁም ወደ ቆዳ ቀርበው የሚያልፉትን ነርቮች ይመርጣል። ነርቭ ሲሞት ስሜት ይጠፋል፤ የጋለ ምጣድም ሆነ እሾህ አይታወቅም። የላብ ዕጢዎችም የሚታዘዙት በነርቭ ነውና ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ወዝ የሌለው የውስጥ እግር ቆዳ ላቡንም ሲያጣ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ያመረቅዛል። በአንዳንድ ታማሚዎች ላይ የቅንድብ ጠጉር ይረግፋል። ተደጋጋሚ ቁስል ወደ አጥንት እየዘለቀ ሲሄድም ጣቶች ከዓመት ወደ ዓመት ያጥራሉ። ብዙ ሰው እንደሚያምነው በሽታው ጣትን ቆርጦ የሚጥል አይደለም። ጣቶቹን የሚያጠፋቸው ጠባቂ ያጣ ቁስል ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ሳይታወቅ ብዙ ዘመን አልፏል። በሀገራችን ሥጋ ደዌ በዘር የሚተላለፍ፣ ወይም ከርግማንና ከፈጣሪ ቁጣ የሚመጣ ነው ተብሎ ሲታመን ኖሯል። ስለዚህም መከራው በታማሚው ላይ ብቻ ሳይወሰን ለቤተሰቡ ይተርፍ ነበር። ጋብቻ ሲታሰብ የልጅቱ ወይም የልጁ ዘር ይቆጠራል፤ ከዘመድ አንድ ሰው በዚህ ደዌ ታሞ ከነበረ ጤነኛው ሁሉ በአንድነት ይነቀፋል። ይህ እምነት በኢትዮጵያ ብቻ የነበረ እንዳይመስላችሁ። ከእኛ እጅግ ርቃ በምትገኘው በሰሜን አውሮፓዊቱ ሀገር በኖርዌይ፣ ያውም በተማሩ ሐኪሞች ዘንድ፣ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ የጸና እምነት ነበር። ይህን እምነት በማስረጃ የተፈታተነው ሰው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን ይባላል።

ሐንሰን በ1841 ዓመት በሐምሌ ወር በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በበርገን ከተማ ተወለደ። በርገን እንደ እንጅባራ ዝናብ የሚበዛባት፣ ኑሮዋም በባሕርና በንግድ ላይ የተመሠረተ ከተማ ናት። አባቱ ነጋዴ ነበር፤ ሆኖም ንግዱ ከስሮበት ቤተሰቡ ለችግር ተዳርጓል። በቤቱ ውስጥ አሥራ አምስት ልጆች ስለነበሩ፣ ስምንተኛው ልጅ ሐንሰን የከፍተኛ ትምህርቱን ወጪ የሸፈነው ራሱ እያስተማረና እየሠራ ነው። ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክሪስቲያኒያ ከተማ ሕክምና አጥንቶ በ1866 ተመረቀ። ከዚያም ለጥቂት ጊዜ በሰሜን ኖርዌይ በሎፎተን ደሴቶች ዓሣ አጥማጆችን ሲያክም ቆይቶ፣ በ1868 ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ።

በዚያን ጊዜ በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ የነበሩ ድኾች ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች በሥጋ ደዌ ክፉኛ ይሠቃዩ ነበር። መንግሥት በ1856 ታማሚዎችን በየስማቸው መመዝገብ ሲጀምር በሀገሪቱ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች መኖራቸው ታወቀ። ይህ አኃዝ የሕዝብዋ ቁጥር አነስተኛ ለሆነ ሀገር እጅግ ከባድ ነበር። በበርገን ከተማ ብቻ ሦስት የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ቅዱስ ዮርገን የሚባለው፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የቆየ ነበር። ሐንሰን ሥራውን የጀመረው በእነዚህ ሆስፒታሎች ውስጥ ሲሆን፣ የበላዩ ዳንየልሰን የተባለ የታወቀ ሐኪም ነበር።

ዳንየልሰን ተራ ሰው አልነበረም። በ1847 ቤክ ከተባለ የሥራ ባልደረባው ጋር ስለ ሥጋ ደዌ ያሳተመው መጽሐፍ በመላው አውሮፓ ተደናቂነትን አትርፎለታል። የበሽታውን ምልክቶች ከርሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። መንስኤውን በተመለከተ ግን ደዌው በዘር የሚወረስ ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። ለዚህም ማስረጃ ነበረው፤ በሽታው በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ ይታያልና። ከዚህም አልፎ ከታማሚ የተወሰደ ነገር በራሱና በሆስፒታሉ ሠራተኞች ቆዳ ውስጥ እያስገባ ሞክሯል፤ ሆኖም አንዳቸውም አልታመሙም። ስለዚህ በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ብሎ ደመደመ። ዛሬ ምክንያቱን እናውቀዋለን። አብዛኛው ሰው ይህን ባክቴሪያ የሚቋቋም የተፈጥሮ ኃይል አለው። በሽታው ቢይዝ እንኳ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል።

ወጣቱ ሐንሰን የመምህሩን ዕውቀት ቢያከብርም መደምደሚያውን ለመቀበል አልፈቀደም። አንድ ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ተደጋግሞ ስለታየ በደም ይወረሳል ማለት አይደለም፤ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አየሩንም፣ አልጋውንም፣ ማዕዱንም ይጋራሉና። በ1870 ወደ ጀርመንና ወደ ኦስትሪያ ተጉዞ በማይክሮስኮፕ የመመርመርን ጥበብ አጠና። በቪየና ሳለም የቻርልስ ዳርዊንን ሥራ አንብቦ አስተሳሰቡ እጅግ እንደተለወጠ የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። ወደ ሀገሩ ሲመለስ ዓሣ አጥማጆች በሚኖሩባቸው መንደሮች እየተዘዋወረ ማን መቼ እንደታመመ፣ ከማን ጋር እንደኖረ፣ ከማን ጋር እንደተኛ ዘርዝሮ መጻፍ ጀመረ።

የ1873 ዓመት ለሐንሰን የደስታም የኀዘንም ዓመት ሆነ። በዓመቱ መጀመሪያ የዳንየልሰንን ልጅ አገባ። በየካቲት ወር መጨረሻ ደግሞ ከአንድ ታማሚ ቆዳ ላይ ከበቀለ እብጠት የወሰደውን ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ በሕዋሳቱ ውስጥ ቀጫጭን በትር የሚመስሉ ነገሮች አየ። ተመሳሳዩን ነገር በሌሎች ታማሚዎችም ላይ አገኘ። እነዚህ በትሮች ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች እንደሆኑ፣ የሥጋ ደዌም ምክንያት እነርሱ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገመተ። ይህም ሮበርት ኮህ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ከማግኘቱ 9 ዓመት አስቀድሞ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ባለቤቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ሁለተኛ ጋብቻውን የፈጸመው በ1875 ነው።

ሐንሰን በ1874 ያየውን ሁሉ ጽፎ ለሀገሩ የሕክምና ማኅበር አቀረበ። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተሞላ ነበር። የሚያውቀውን አውቃለሁ፣ የሚጠረጥረውን እጠረጥራለሁ ብሎ ለየ። ይሁንና ብዙዎች አላመኑትም። አንደኛ፣ በትሮቹን ቀለም አስገብቶ በግልጽ ለማሳየት አልቻለም። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያውን ከሰውነት ውጭ ለማሳደግ ያደረገው ሙከራ ሁሉ ከሸፈ። ሦስተኛ፣ በእንስሳት ላይ በሽታውን ለማስያዝ አልሆነለትም። በዚህ ረገድ የሐንሰን ድካም የችሎታ ማነስ አልነበረም፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ዛሬም ይህን ባክቴሪያ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያሳደገ ሳይንቲስት የለም። በ1879 አልበርት ናይሰር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ወደ በርገን መጣ። ሐንሰንም እንደ እንግዳ ተቀብሎ ናሙናዎችን ሰጠው። ናይሰር ናሙናዎቹን ይዞ ከተመለሰ በኋላ በተሻለ ዘዴ ቀለም አስገብቶ ባክቴሪያውን በግልጽ አሳየ፤ የግኝቱንም ክብር ለራሱ ሊያደርግ ፈለገ። ከብዙ ክርክር በኋላ መጀመሪያ ያየው ሐንሰን መሆኑ በዓለም ዘንድ ታወቀ።

ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት የሐንሰን ታሪክ የጨለመ ገጽ ነው። ታላቅ ሰው ነው ተብሎ የሚሸፈን ነገር አይደለም። ማስረጃ ለማግኘት የነበረው ጉጉት ሚዛኑን አሳተው። በ1879 በሆስፒታሉ ተኝታ በነበረች አንዲት ሴት ዓይን ላይ፣ ከሌላ ታማሚ የተወሰደ ነገር በመሣሪያ አስገባ። ሴትየዋ ራስዋ ሥጋ ደዌ ያለባት ብትሆንም፣ ዓይነቱ ሐንሰን ከሚያስገባው የተለየ ነበር። ሊያደርግ ያሰበውን አልነገራትም፤ ፈቃድዋንም አልጠየቀም። ሴትየዋ ሕመም እንደተሰማት ተናገረች፤ ጉዳዩም ለፍርድ ቤት ቀረበ። ሐንሰን ያደረገውን አልካደም፤ ብጠይቃት ኖሮ እሺ አትለኝም ነበር ብሎ እንዳሰበም አመነ። ፍርድ ቤቱ በ1880 ጥፋተኛ ሆኖ ስላገኘው በሆስፒታሉ የነበረውን ሹመት ገፈፈው። የሀገሪቱ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪምነቱ ግን አልተነካበትም።

ተማሪዎች፣ በዚህ ፍርድ ላይ ጥቂት ቆም ብላችሁ አስቡ። በዚያን ጊዜ በርገን ውስጥ አንደኛው ወገን ስመ ጥር ሐኪም፣ የታላቅ ሐኪም አማች፣ የመንግሥት ሹም ነበር። ሌላዋ ወገን በሕብረተሰቡ የተገለለች፣ ድኻ፣ ቆዳዋ በደዌ የተጎዳ ሴት ነበረች። ፍርድ ቤቱ ግን የዚያች ሴት ዓይን የራስዋ እንደሆነ፣ ያለ ፈቃድዋ ማንም ሊነካው እንደማይችል በየነ። ዛሬ በየትኛውም ሀገር በሰው ላይ ምርምር የሚያካሂድ ሐኪም አስቀድሞ ምክንያቱን አስረድቶ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታው ነው። የሙከራው ዓላማ መልካም መሆኑ ብቻ ሥራውን መልካም አያደርገውም።

ሐንሰን ከፍርዱ በኋላ ሥራውን በትጋት ቀጠለ። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከኖርዌይ ተሰደው በዚያ የሠፈሩ ቤተሰቦችን ጎበኘ። ከስደተኞቹ መካከል በሥጋ ደዌ ታመው የሄዱ ብዙዎች ነበሩ። ደዌው በደም የሚወረስ ቢሆን ኖሮ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው ላይ መታየት ነበረበት። ሐንሰን ግን በዚያ በተሻለ ቤት፣ ሰፋ ባለ ኑሮ ካደጉት ልጆች መካከል በደዌው የተያዘ አላገኘም። ይህ ማስረጃ ማይክሮስኮፕ የማያስፈልገው፣ ማንም ሊገነዘበው የሚችል ነበር።

በሀገሩም በ1877 እና በ1885 በወጡት ሕጎች ላይ የሐንሰን ምክር ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። በነዚህ ሕጎች መሠረት ታማሚዎች በቤታቸው ለብቻቸው ክፍልና አልጋ እንዲኖራቸው፣ ይህ ካልተቻለ ወደ ሆስፒታል እንዲገቡ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የሚፈውስ መድኃኒት አልነበረም። የታማሚዎቹ ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ሄዶ ሐንሰን በሞተበት ዘመን ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀሩ። ለዚህ ውጤት ሕጉ ብቻውን ምክንያት አልነበረም፤ የሕዝቡ ቤት፣ ምግብና ንጽሕና መሻሻሉም ብዙ ረድቷል። በሌላ በኩል የመለየቱ ሕግ ብዙ ሰዎችን ከቤታቸውና ከልጆቻቸው አራርቋል። ዛሬ ፈዋሽ መድኃኒት ስላለ ታማሚን መለየት አያስፈልግም።

ሐንሰን በመጨረሻ ዘመኑ ክብር አላጣም። በ1901 ስድሳኛ ዓመቱ ሲሞላ በበርገን ሙዚየም አትክልት ቦታ ሐውልት ቆመለት። በ1909 ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ በበርገን ሲካሄድ ሊቀ መንበር ሆኖ መራው። በ1912 በየካቲት ወር ለሥራ ጉዞ ወጥቶ ሳለ ፍሎሮ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ በሰባ ዓመቱ ሞተ። ዛሬ በብዙ ሀገሮች በሽታው ራሱ የሐንሰን ደዌ እየተባለ ይጠራል። ይህም የተደረገው ለሐኪሙ ክብር ብቻ ሳይሆን፣ ታማሚዎችን ሲያሸማቅቅ የኖረውን የጥንቱን ስም ለመተው ጭምር ነው።

የሐንሰን ስም በኢትዮጵያም ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ በሚባለው ሠፈር አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1965 ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን ሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1981 ሦስት መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ ከወሰነ ወዲህ ሥጋ ደዌ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ፈጽሞ የሚድን በሽታ ሆኗል። መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ታማሚው መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በሽታውን ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉን ያቆማል። ይሁንና የሞተ ነርቭ ተመልሶ አይነሣም። ስለዚህ ዋናው ነገር በጊዜ መታከም ነው። በቆዳችሁ ላይ ከአካባቢው ፈዘዝ ያለ ምልክት ብታዩና በጥጥ ጫፍ ሲነካ የማይሰማችሁ ቢሆን፣ ሳትፈሩና ሳታፍሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሐንሰን የጠየቀው ጥያቄ፣ ማለትም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ ደዌ ከደም ነው ወይስ ከሌላ ምክንያት የሚለው፣ በሌላ የቆዳ ደዌ ምክንያት በአዊ ምድርም ተነሥቷል። በእንጅባራና በዳንግላ ገበያዎች እግራቸው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ያበጠ፣ ቆዳው የሻከረ ሰዎች አይታችሁ ይሆናል። ይህ ዝሆኔ የሚባለው ደዌ ነው። ብዙ ሰው ከሥጋ ደዌ ጋር ያምታታዋል፤ የዘር ነው ብሎም ቤተሰቡን ይሸሻል። በሌሎች ሞቃት ሀገሮች ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ሲሆን፣ እንደ እንጅባራ ባሉ ቀዝቃዛ ደጋዎች ግን ያ ትል አይገኝም። ታዲያ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ይህን የመረመረው ቀደም ሲል በሥጋ ደዌ ታማሚዎች የእግር ቁስል ላይ ያጠና የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባካሄደው ጥናት፣ ደዌው የሚበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ደገኞች ዘንድ መሆኑን አሳየ። የዘንገና ሐይቅ የተኛበትን ጎድጓዳ ያያችሁ ተማሪዎች የአካባቢያችሁ መሬት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ መሆኑን መገመት አያቅታችሁም። ፕራይስ የታማሚዎችን ንፍፊቶች ሲመረምር ከአፈር የመጡ እጅግ ረቂቅ ቅንጣቶች በውስጣቸው አገኘ። ቅንጣቶቹ በውስጥ እግር ቆዳ ዘልቀው ገብተው፣ ፈሳሽን ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች እያስቆጡ በመጨረሻ ይዘጓቸዋል። በኋላ የተደረገ ጥናት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ለደዌው ቶሎ የመሸነፍ ዝንባሌ በዘር እንደሚወረስ አሳይቷል፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገመውም ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ዝንባሌው ያለው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን ዘወትር ቢታጠብ ደዌው አይደርስበትም። ከሰው ወደ ሰውም ከቶ አይተላለፍም።

በኢትዮጵያ በዚህ ደዌ የተያዙ ሰዎች ቁጥር ወደ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተገምቷል። ቅርብ በሆኑ ዓመታት በአዊ ዞን በተካሄደ አንድ የጥናት ሥራ ዝሆኔንና ሥጋ ደዌን በአንድነት በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ማከም እንዲቻል ተሞክሯል። ሕክምናው ውስብስብ አይደለም። እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት፣ የተሰነጠቀውን ማከም፣ እብጠቱን በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ከዚህም ጋር የታማሚውን የተጎዳ መንፈስ ማጽናናትና ጎረቤቱን ማስተማር የሕክምናው ክፍል እንዲሆን ተደርጓል። የሁለቱም ደዌ ታማሚዎች ከቁስሉ ይልቅ የሚያማቸው መገለሉ ነውና።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ከሐንሰን ሕይወት የምንማረው ነገር ሁለት ወገን ያለው ነው። በአንድ ወገን፣ የተከበረ መምህር ያመነበትን፣ ሕዝብም የተቀበለውን ሐሳብ ያለ ማስረጃ አለመቀበልን፣ ምክንያትን በትዕግሥት መፈለግን እናያለን። የደዌው እውነተኛ ምክንያት ሲታወቅ በሐሰት የተነቀፈው ዘር ሁሉ ከነቀፋው ነፃ ይወጣል። በሌላ ወገን፣ ዕውቀት ፍለጋ የሰውን ክብር ለመድፈር ፈቃድ እንደማይሆን እንገነዘባለን። ከክፍላችሁ ውስጥ እናቱ ወይም አባቱ በዝሆኔ ወይም በሥጋ ደዌ የታመሙበት ተማሪ ቢኖር፣ ከጎኑ መቀመጥም ሆነ ማዕድ መጋራት አንዳች ጉዳት እንደማያመጣባችሁ አሁን ታውቃላችሁ። ያወቃችሁትን ለቤተሰባችሁና ለጎረቤቶቻችሁ ማስረዳት ደግሞ የእናንተ ድርሻ ነው።

መልመጃ

ሀ) ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው የውስጥ እግሩ ቆዳ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?
2. ዳንየልሰን በሽታው አይተላለፍም ብሎ የደመደመው በምን ምክንያት ነው? የመደምደሚያው ጉድለት ምን ነበር?
3. ሐንሰን በአሜሪካ ያየው ነገር ለየትኛው ሐሳቡ ማስረጃ ሆነው?
4. ፍርድ ቤቱ በሐንሰን ላይ የሰጠው ፍርድ ተገቢ ነበር ትላላችሁን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ለ) የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ መሠረት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
ንብርብር፣ መንስኤ፣ ዝንባሌ፣ ያመረቅዛል፣ በየነ

ሐ) በአካባቢያችሁ በዘር የሚመጣ ነው ተብሎ የሚታመን አንድ ደዌ መርጣችሁ፣ እውነተኛ ምክንያቱን ከጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ፣ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ ታማሚን የሚያንቋሽሽ ቃል እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ የማንንም ሰው ስም አትጥቀሱ።